ካርቶኑ ላይ «100 ሜትር» ይላል

አያሃ ውስጥ ባትሪ እንሸጣለን ስንል ከጅግጅጋና ከድሬዳዋ የሚደውሉልን ወገኖች የመኪና ባትሪ ይመስላቸዋል። የእጅ ባትሪ ነው፤ ሶማሌው ደንበኛችን «ቶሽ» የሚለው። ከእጅ ባትሪም ውስጥ ሰው ከሩቅ ፈልጎን የሚመጣው ለጠላቂ ባትሪ ነው፤ የአየር ሲሊንደር አዝለው ባሕር ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ይዘውት ለሚገቡት። ሐርጌሳ ባሕር የላትም። ከበርበራ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ደጋው ላይ ነው ያለችው። ነገር ግን ዕቃው በርበራ ወደብ ይወርድና ሐርጌሳ ገበያ ይገባል፤ እዚህ ተከፋፍሎ ብዙው ወደ ቶጎ ውጫሌ ሲወጣ ጥቂቱ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። የጠላቂ ባትሪ ከሚመለሰው ወገን ነው።

እኛ ማለት ሦስት ነን፦ ሁለት እህትማማቾችና የታላቅየዋ ባል። አያሃ ከየቦታው የተፈናቀሉና ከስደት የተመለሱ ሰዎች የሰፈሩበት፣ በቁጥር እየተጠራ ያደገ ሰፈር ነው። መብራት እዚህ ከተማ ውድ ስለሆነ መጀመሪያ የምንሸጠው የሶላር አምፖልና ተራ የእጅ ባትሪ ነበር። አንድ ቀን ከበርበራ የመጣ ሰው «ውሃ ውስጥ የሚሠራ አላችሁ?» አለን፤ ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የተጀመረው።

ይህን የምንጽፈው ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው። አንደኛው ከዱባይ ዕቃ ሲጭን «የጠላቂ ባትሪስ ይጫን ወይ? ይሸጣል ወይ?» እያለ ለሚጠይቀን ነጋዴ ነው። ሁለተኛው ልጁ ወይም ወንድሙ በርበራና ጅቡቲ ባሕር ላይ ለሚሠራ ቤተሰብ ነው። መልሱ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ባይሆንም መነሻው ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ የቋንቋ ነገር። በአማርኛ «ባትሪ» ሲባል መብራቱም ባትሪ ነው፣ ውስጡ የሚገባውም ባትሪ ነው። በዚህ የተነሳ በስልክ ስንት ጊዜ የተሳሳተ ዕቃ እንደተላከ አይነገርም። ስለዚህ አባቶቻችን እንደሚሉት ውስጡ የሚገባውን «ድንጋይ» እንበለው፤ ዛሬ ሊቲየም ቢሆንም ድንጋይ ነው። ባትሪ ስንል መብራቱን ማለታችን ነው።

ነጋዴው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀን ለቀን ለሚጠልቅ ሰው ባትሪ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የበርበራ ፀሐይ ድንጋይ ታቀልጣለች፤ ውሃው ላይ ስትቆም እስከ ታች የምታይ ይመስልሃል። ግን ውሃ ብርሃንን ይበላል፤ ሲበላም ሁሉንም ቀለም እኩል አይበላም። ቀዩን ያስቀድማል። ጥቂት ሜትር እንደወረድክ ቀይ መደብዘዝ ይጀምራል፤ 10 ሜትር አካባቢ ስትደርስ ቀይ የነበረው ነገር ቡኒ ወይም ግራጫ መስሎ ይታያል። ብርቱካናማውና ቢጫው ይከተላሉ። ሩቅ የሚሄደው ሰማያዊው ነው። 20 ሜትር ገደማ ላይ እጁን የተቆረጠ ሰው ደሙን አረንጓዴ ሆኖ ያየዋል። ባትሪ ሲበራ ግን ብርሃኑ የሚጓዘው ከእጅ እስከ ዕቃው ያለችውን አንድ ሁለት ሜትር ብቻ ስለሆነ ቀለሙ ይመለሳል። ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ በ1956 ያወጣውና በከፊል ቀይ ባሕር ላይ የተቀረጸው ፊልሙ ዓለምን ያስደነቀው በዚህ ነበር፤ ሰማያዊ የመሰለው ዓለት መብራት ሲያርፍበት ቀይና ቢጫ ሆኖ ተገኘ።

ለሚሠራ ሰው ግን ነገሩ የውበት አይደለም። ጀልባ ሥር ገብቶ የዛገ ብሎንና ደህናውን ብሎን መለየት አለበት። ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ መረብ ሲቆርጥ የትኛው ገመድ መረብ፣ የትኛው የራሱ መያዣ ገመድ እንደሆነ ማየት አለበት። ደግሞም ከትልቅ ጀልባ ሆድ ሥር እኩለ ቀንም ጨለማ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሉመን ነው፤ ከባትሪው የሚወጣው ብርሃን በጠቅላላ ማለት ነው። ገዢ ሁሉ ትልቁን ቁጥር ይፈልጋል፤ አምራቹም ይህን ያውቃል። አንዲት የአውራ ጣት ውፍረት ያላት ባትሪ ላይ 20,000 ሉመን ተጽፎ አይተናል። ከአንድ ድንጋይ ያን ያህል ብርሃን ቢወጣ ኖሮ ባትሪዋ በእጅ አትያዝም ነበር፤ ታቃጥላለች። በእኛ ልምድ ለማታ ጠላቂ ከ700 እስከ 1,000 እውነተኛ ሉመን ይበቃዋል፤ ለመጠባበቂያ ደግሞ 300 ያህል።

ከሉመን ይልቅ የምንጠይቀው ብርሃኑ እንዴት እንደሚወጣ ነው። ጠባብ ሆኖ እንደ ዘንግ የሚወጣ አለ፤ ሰፊ ሆኖ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ አለ። ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ሰፊውን ይፈልጋል፤ 100 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይዘረጋል፣ ምስሉ መሃል ላይ ነጭ ክብ አይሠራበትም። ለሚሠራና ለሚፈልግ ሰው ግን ጠባቡ ይሻላል፤ ሩቅ ይደርሳል። ጠላቂዎች ውሃ ውስጥ የሚነጋገሩትም በዚሁ ነው። ብርሃኑን መሬት ላይ ክብ አድርጎ ማዞር «ደህና ነኝ» ነው፤ ቀስ ብሎ ወደ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ «ወደ እኔ ተመልከት»፣ በፍጥነት ማወዛወዝ ደግሞ «ችግር ላይ ነኝ» ነው። በሰፊ ብርሃን ይህ ንግግር ይጠፋል፤ ሁሉም ነገር ስለበራ የሚንቀሳቀሰው አይለይም። ምልክት ሲሰጡም ሆነ ሲሠሩ የጓደኛን ዓይን ላይ ማብራት ነውር ነው፤ ለደቂቃዎች ያሳውረዋል።

የደፈረሰ ውሃ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ላይ ከአገር ቤት የሚጠይቁን አሉ፤ ከሐይቅ አካባቢ። ላንጋኖን የሚያውቅ ሰው ውሃው ቡናማ እንደሆነ ያውቃል፤ ጣናም ከክረምት በኋላ ጎርፉ የሚያመጣው አፈር አለበት። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ትልቅ ሰፊ መብራት ማብራት በጭጋግ ውስጥ የመኪና ረጅም መብራት እንደማብራት ነው። ጣርማ በርን ወይም የጨርጨርን ጉም በሌሊት የነዳ ሾፌር ወዲያው ይገባዋል፤ ብርሃኑ ከጭቃው ቅንጣት ላይ ተመልሶ ዓይንህ ውስጥ ይገባል፣ ፊትህ ነጭ ግድግዳ ይሆናል። ጠባቡን ይዞ፣ ከዓይን ራቅ አድርጎ በጎን በኩል ማብራት ትንሽ ይረዳል። ከዚያ በላይ የሚረዳ መብራት አለ የሚል ነጋዴ ካለ አትመኑት። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች ከጉድጓድ፣ ከኩሬና ከወንዝ ሰው ሲያወጡ በዜና እንሰማለን፤ እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከዓይን ይልቅ እጅ ነው የሚፈልገው።

ሌላው ቁጥር «6 ሰዓት ይሠራል» የሚለው ነው። ውሸት ነው ማለት አይቻልም፤ ግን እንዴት እንደተለካ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ አምራቾች የሚጠቀሙበት «ኤፍኤል 1» የተባለ መለኪያ ባትሪው ሲበራ የነበረው ብርሃን ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። እንግዲህ 1,000 ሉመን ብሎ የጀመረው ባትሪ በስድስተኛው ሰዓት 100 ሉመን ላይ ነው ማለት ነው፤ የወረደውም መቼ እንደሆነ ካርቶኑ አይናገርም። በ40ኛው ደቂቃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኛ አንዱን ባልዲ ውሃ ውስጥ አብርተን ሱቅ ውስጥ እንተወዋለን፤ በየ15 ደቂቃው ግድግዳ ላይ በስልክ ፎቶ እናነሳዋለን። ደንበኛው ፎቶዎቹን ያያል። ባልዲ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኃይለኛ የጠላቂ ባትሪ የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው፣ በደረቅ አየር ለረጅም ጊዜ ካበሩት ይግላል፣ ይበላሻል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፤ ጥልቀት።

«ውሃ አያስገባም» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። አይፒ67 የሚል ዕቃ የተፈተነው 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ነው። ዝናብ ላይ፣ ቦይ ውስጥ ቢወድቅ ደህና ነው፤ ለጠላቂ ግን ምንም ማለት አይደለም። አይፒ68 ከዚያ ይበልጣል፤ ስንት ሜትር እንደሆነ ግን አምራቹ ራሱ ነው የሚናገረው። ውሃ ደግሞ ክብደት አለው። በየ10 ሜትሩ ከላይ ያለውን አየር ሁሉ የሚያህል ግፊት ይጨመራል። 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የባትሪ መስታወት 30 ሜትር ላይ ሲደርስ 38 ኪሎ ያህል ይጫነዋል፤ የ25 ኪሎ ሩዝ ጆንያ አንድ ተኩል ማለት ነው። ይህን የሚከለክለው ክዳኑ ሥር ያለው ቀጭን የጎማ ቀለበት ነው፤ መካኒኮቻችን ኦሪንግ የሚሉት።

ባልዲ ውስጥ ነክሮ «እዩት፣ አልገባበትም» ማለት የገበያ ጨዋታ ነው። ባልዲው 30 ሴንቲ ሜትር ነው። እኛ የምናደርገው ይህን ነው፦ ከእያንዳንዱ ካርቶን ጥቂቱን እንመርጣለን፤ ድንጋዩን አውጥተን በምትኩ ደረቅ ሶፍት እንጠቀልልና እናስገባለን፤ ክዳኑን እንዘጋለን። ከዚያ አንዳችን ወደ በርበራ ስንወርድ ለምናውቃቸው ዓሣ አጥማጆች ይዘንላቸው እንሄዳለን። በየ5 ሜትሩ ቋጠሮ ያለው ገመድ አላቸው። ባትሪዎቹን በመረብ ከረጢት ከብረት ክብደት ጋር አስረው እስከ 30 ሜትር ያወርዱና መረባቸውን እስኪያዩ ይተውታል። ሲወጣ አድርቀን ከፍተን ሶፍቱን እናያለን። ሶፍት አይዋሽም፤ አንዲት ጠብታ ብትገባ ይታወቃል። ድንጋይ ስለሌለበትም ውሃ ቢገባ የሚበላሽ ነገር ትንሽ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ካርቶን መጣልን፤ 24 ባትሪ። ላዩ ላይ «100 ሜትር» ይላል፣ አካሉ አልሙኒየም፣ ሲያዩት የሚያምር። ስድስቱን አወረድን። የሁለቱ ሶፍት ረጠበ፤ አንደኛው እንደውም ተጨምቆ የሚፈስ ነበር። ላኪው ጋ ደወልን፤ ስሙን አንጽፍም። መልሱ «ከእናንተ በቀር ያማረረ የለም» የሚል ነበር። ያማረረ አለመኖሩ ለእኛ ዋስትና አልሆነልንም፤ 20 ሜትር ላይ መብራቱ የጠፋበት ሰው ዱባይ ደውሎ አያማርርም።

እውነቱን ለመናገር ሦስታችን በዚያ ካርቶን ላይ ለሳምንት ተከራክረናል። ገንዘቡ ከዕቁብ የወጣ ነበር። አንደኛው ሐሳብ አራቱ ደህና ስለሆኑ ሁለቱን ብቻ እንጣል የሚል ነበር። ግን ስድስት ፈትነህ ሁለት ከረጠቡ ያልተፈተኑት 18 ስንቱ ደህና እንደሆነ ማን ያውቃል? ሁሉንም አውርደን እንፈትን የሚልም ነበር። ይህ ይሻላል፤ ግን አንድ ጊዜ ያለፈ ባትሪ ክዳኑ አሥር ጊዜ ተከፍቶ ሲዘጋ፣ የክዳኑ ጥርስ በደንብ ካልተቆረጠ፣ አሥራ አንደኛው ላይ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ሦስተኛውን ያመጣችው ታናሽየዋ ናት። ላዩ ላይ የተጻፈውን «100 ሜትር» በአሴቶን ፍቀን ለዘበኛና ለግመል ጠባቂ እንሽጠው አለች። ዝናብ አያስገባም፣ ጠንካራ ነው፣ ሩቅ ያበራል። እንዲህ አድርገን ወደ ጅግጅጋ በኩል ተሸጠ፤ ከገዛንበት ባነሰ ዋጋ። የጎደለውን ከሶላሩ ትርፍ ሞላነው። አንድ የገበያ ጎረቤታችን እስከ ዛሬ ይስቅብናል፤ «ቁጥር ፍቆ የሚሸጥ ነጋዴ አያሃ አየሁ» ይላል።

ድንጋዩ ላይም ቁጥር አለ። የጠላቂ ባትሪ አብዛኛው የሚሠራው 18650 በሚባለው ሊቲየም ነው፤ ቁጥሩ መጠኑ ነው፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት። በዚህ መጠን የታወቁ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ጥሩ ድንጋይ የሚይዘው 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። 9,900 ተብሎ የተጻፈበትን ካያችሁ ሳትጠይቁ አስቀምጡት። እኛ ከወርቅ ሠሪ በገዛናት ትንሽ ሚዛን እንመዝናለን፤ ደህናው ከ45 እስከ 48 ግራም ይመዝናል። 30 ግራም የሚመዝን ድንጋይ አጋጥሞናል፤ ግማሹ ባዶ ነው ማለት ነው። ሚዛን የበርበሬና የወርቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ቤተሰብ ይህን ልብ ይበል፦ ሊቲየም ድንጋይ ሰው ተኝቶ ቻርጅ አይደረግም። በመስከረም 2019 በፈረንጆች አቆጣጠር ካሊፎርኒያ አጠገብ ኮንሴፕሽን የተባለች የጠላቂዎች ጀልባ በሌሊት ተቃጥላ 34 ሰዎች ሞቱ። ሁሉም ታች ተኝተው ነበር። መርማሪዎች የእሳቱን መነሻ ምክንያት በእርግጠኝነት መለየት አልቻሉም፤ ከተጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ግን ከመኝታው በላይ ባለው ክፍል ቻርጅ ላይ የነበሩት የካሜራና የመብራት ባትሪዎች ናቸው። እኛ አንድ ክፍል ውስጥ ከልጆች ጋር የምንተኛ ሰዎች ነን። ቻርጅ ቀን፣ በዓይን ፊት፣ ሲሚንቶ ወይም ሸክላ ላይ፤ ከፍራሽና ከመጋረጃ ራቅ አድርጎ። በአውሮፕላን ስትመጡ ደግሞ ትርፍ ድንጋይ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው፤ ጫፉ ከብረት እንዳይነካ በማሸጊያው። ባትሪው በራሱ እንዳይበራም ድንጋዩን ማውጣት ይሻላል።

አያያዙ ከባድ አይደለም፤ ግን ሰው ይሰለቸዋል። ከባሕር ሲወጣ ሳይከፈት በፊት በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ጨው ደርቆ ድንጋይ ይሆናል፣ ኦሪንጉንም ይቆርጠዋል። ሲከፈት አፉ ወደ ታች ይሁን፤ ክዳኑ ላይ የቀረች ጠብታ ወደ ውስጥ እንዳትገባ። ኦሪንጉ ላይ አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ካረፈች ውሃ መንገድ አገኘ ማለት ነው። የሚቀባውም የሲሊኮን ግራሶ ነው፤ በስሱ፣ እንዲያብረቀርቅ ያህል ብቻ። የመኪና ግራሶ የሚቀቡ አሉ፤ ብዙውን ጎማ ያሳብጠዋል። ማብሪያውን ስትመርጡ በማግኔት የሚንሸራተተው ይሻላል፤ አካሉን የሚበሳ ቀዳዳ የለውም። ደግሞ በርበራ ላይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ዝግ መኪና ውስጥ የተተወ ድንጋይ ዕድሜው ያጥራል፣ ከዚያም የባሰ ሊሆን ይችላል። በዚያ ወቅት ባሕሩም በነፋስ ስለሚታወክ ገበያውም ይቀዘቅዛል፤ ነጋዴ ከሆናችሁ በሰኔ አታስመጡ።

አንድ ወጣት ደንበኛ አለን፤ ጀልባ ሥር ገብቶ የሚሠራ። መጀመሪያ የመጣው ገንዘቡን ሁሉ ለአንድ ውድ ባትሪ ሊያወጣ ነበር። እኛ ሁለት መካከለኛ ውሰድ አልነው። ጠላቂ በጨለማ ሲገባ ሁለት ባትሪ ይይዛል፤ ዋሻ ውስጥ የሚገቡት ደግሞ ቢያንስ ሦስት እንዲይዙ ነው ሥርዓታቸው። አንደኛው ሲጠፋ ሁለተኛው ሥራ ለመቀጠያ አይደለም፤ ለመውጫ ነው። «ወላል፣ ሁለተኛው ሲበራ ሥራው አለቀ» አልነው። የሁለቱን ዋጋ በአራት ሳምንት በዛድ ከፈለን።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እናቱ መጡ። ባትሪዎቹን በሻሻቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና በሶማሊኛ «ይሄ ልጄን ይመልስልኛል?» አሉን። ታላቅየዋ ናት የመለሰችው። «ኤዶ፣ ይሄ መብራት እጁ ያለበትን ያሳየዋል፤ ጓደኛው ያለበትን ያሳየዋል። ከጓደኛው ጋር ካልገባ ግን ለማን ያበራል?» አለቻቸው። ከዚያ ሶፍቱን አሳየቻቸው፤ የእነዚያው ሁለት ባትሪዎች ሶፍት፣ ደረቁን። እናትየው ሶፍቱን በጣታቸው ፈትነው «አብሮት የሚገባው ማን ነው? ስሙን ንገሩኝ» አሉ። እኛ አናውቅም ነበር። ልጁን ሊጠይቁ ተነስተው ሄዱ። አሁን ልጁ ሲመጣ ከጓደኛው ጋር ነው የሚመጣው፤ እናቱ እንዳዘዙ እርግጠኞች ነን።

አንድ ነገር ደግሞ ከባትሪ ውጭ ቢሆንም ሳንናገር አናልፍም፤ በመንገዳችን ላይ ያለ ነገር ስለሆነ። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በርበራ ላይ የጠለቀ ሰው ወጥቶ በዚያው ከሰዓት መኪና ይዞ ወደዚህ ቢወጣ አውሮፕላን ላይ እንደወጣ ነው፤ በደሙ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሊሠራ ይችላል። የጠላቂዎች የሕክምና ድርጅት የሆነው ዳን ከ600 ሜትር በላይ ወደሚሆን ከፍታ ከመውጣት በፊት ከአንድ ጊዜ ጥልቀት በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ደግሞ 18 ሰዓት እንዲጠበቅ ይመክራል። ስለዚህ ባትሪ ለማስለወጥ ከባሕር በቀጥታ የሚመጣ ጠላቂ ሲደውልልን በርበራ እደር እንለዋለን። ባትሪው በነጋታው ይለወጣል፤ ሱቁ ዝግ የሚሆነው ዓርብ ብቻ ነው።